«አክተር አይሞትም» ብለን ላደግን፦ ስለ ልዕለ ጀግና ፊልሞች ለተጻፈው ምላሽ

ባለፈው ሳምንት በልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ስንወጣ በር ላይ ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ታደለን። የጻፉት አንድ የትምህርት ቤቱ መምህር ናቸው። ልጆቻችን በሱፐርሂሮ ፊልሞች ለምን እንዲህ እንደተያዙ ይጠይቁና መልሱንም ራሳቸው ይሰጣሉ። ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው፦ ፊልሞቹ ታሪክ የላቸውም፣ ዓይን የሚያፈዙት በኮምፒውተር ነው፤ የሚወዳቸው ሕፃን ወይም እንደ ሕፃን የሚያስብ ሰው ነው፤ እንደ እኛ ዳር ከተማ የሚኖር ድሃ ደግሞ ከኑሮው የሚሸሽባቸው ሱስ ናቸው፤ አሜሪካ ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ ጀግንነቷን ለዓለም ለመሸጥ ፈጠረቻቸው፤ በብርና በማስታወቂያ ኃይል ተጫኑብን፤ ለባህላችን ባዕድ ናቸው፤ ለማንኛውም ጊዜያቸው አልፏል።

ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መምህር፣ ለልጆቻችን ተጨንቀው እንደጻፉት ያስታውቃል፤ ለዚያ አክብሮቴ ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ስለማውቃቸው ሰዎች የጻፉት ትክክል አይደለምና ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ቱሉ ዲምቱ፣ ከአደባባዩ ገባ ብሎ፣ ፊልምና ሙዚቃ የምጭንበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። ከዚያ በፊት አቃቂ ቪዲዮ ቤት በር ላይ ቆሜ ሳንቲም እሰበስብ ነበር። ማን ምን እንደሚያይ፣ ምን አይቶ እንደሚመለስ፣ ሜሞሪው ሲሞላ የትኛውን አስጠፍቶ የትኛውን እንደሚያስቀር ስመለከት ነው የኖርኩት። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከኮምፒውተሩ ልጀምር። ቴክኒኩ ድርሻ የለውም አልልም። በ1978 የወጣው ሱፐርማን ማስታወቂያው ላይ «ሰው መብረር እንደሚችል ታምናላችሁ» የሚል ነበር፤ ሰው ሲበር አሳምኖ ማሳየት ያን ጊዜ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ስፓይደር ማንንም በፎቆች መካከል እንደልብ ማወዛወዝ የተቻለው ኮምፒውተሩ ከጎለበተ በኋላ ነው። ነገር ግን ሰው የሚሰበሰበው ለቴክኒክ ብቻ ቢሆን ኖሮ በ1997 የወጣው የባትማንና የሮቢን ፊልም አይወድቅም ነበር። ገንዘብ አላነሰውም፣ ቴክኒክም አላነሰውም። ተመልካቹ አላመነውም፤ ባትማን እስከ 2005 ድረስ በራሱ ፊልም ወደ ሲኒማ ቤት አልተመለሰም። በ2023 የወጣው ዘ ማርቭልስም ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈሶበት በዓለም ዙሪያ ያስገባው 206 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ሲኒማ ቤቶች ድርሻቸውን ሲያነሱ ኪሳራ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ግን እኔ ጋ አለ። እኛ ሰፈር መጀመሪያ የሚደርሰው ቅጂ ሲኒማ ቤት ውስጥ በድብቅ በካሜራ የተቀዳ ነው። ምስሉ ያዘመመ፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል፣ መሃል ላይ ከወንበሩ የተነሳ ሰው ጭንቅላት ስክሪኑን የሚጋርድበት። (እንዲህ ያለውን ቅጂ ማዞር የባለቤቱን መብት መንካት እንደሆነ አውቃለሁ። ያየሁትን ልመስክር ብዬ ነው የማነሳው።) ያንን የደበዘዘ ነገር በመዳፍ ላይ በምታድር ስልክ፣ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው ያያሉ። በረራውና ፍንዳታው እዚያች ላይ ምኑ ይታያል? ዓይን የሚያፈዝ ነገር አልቀረለትም። የቀረው ታሪኩ ብቻ ነው፤ እነሱም እሱን ብለው ነው የሚመጡት።

ታሪክ የለውም ያሉትን ደግሞ አንድ ባለ ባጃጅ ደንበኛዬ ቢሰማዎት ይከፋዋል። ሜሞሪው 8 ጊጋ ናት። በሞላች ቁጥር ይመጣና «አንድ ሁለቱን አጥፋልኝና አዲስ ጫንልኝ» ይለኛል። ዝርዝሩን አብረን እናያለን። መኪና ብቻ የሚገለባበጥበት ይጠፋል። ተኩስ ብቻ የሆነው ይጠፋል። በ2004 የወጣው ሁለተኛው ስፓይደር ማን ጋ ስንደርስ «እሱን ተወው» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱን ተወው እንዳለ ነው።

ለምን እንደሆነ ፊልሙን ያየ ያውቃል። ፒተር ፓርከር ፒዛ አድራሽ ነው፤ ስለዘገየ ከሥራ ይባረራል። አከራዩ በር ላይ ጠብቆ ኪራይ ይለዋል። ትምህርቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። ያሳደገችው አክስቱ በባንክ ዕዳ ቤቷን ልትለቅ ነው። ከተማውን ባዳነ ቁጥር የራሱ ኑሮ ይበላሻል። ባለ ባጃጁ የሚያየው ይህን ነው፤ እሱም ለባለንብረቱ የቀን ገቢ አስረክቦ የተረፈችውን ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው።

እዚህ ላይ «ከኑሮ መሸሻ ሱስ» ያሉትን ልያዘው፤ ከሁሉም በላይ ያመመኝ እሱ ነው።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ላፕቶፔ ባትሪ ስለነበረው ሱቁን አልዘጋሁም። ባለ ባጃጁና ሁለት የሰፈር ልጆች ያንኑ ሁለተኛውን ስፓይደር ማን እያዩ ነበር። የብሎካችን ጥበቃ፣ የቀድሞ ወታደር ናቸው፣ ካፖርታቸውን ደርበው ዱላቸውን ይዘው ብርሃኗን አይተው መጡ። «ምንድን ነው እሱ?» ሲሉ ባለ ባጃጁ ከሥራ መባረሩንም፣ ያልተከፈለውን ኪራይም፣ የአክስቲቱን ዕዳም ነገራቸው። ጋሼ ሳጥን ስበው ተቀመጡ።

ፊልሙ ባቡሩ ጋ ደርሷል። ፍሬኑ የተሰበረ የከተማ ባቡር ነው፤ ሐዲዱ ከፊት አልቋል። ልጁ ባቡሩ አፍንጫ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ ያሉ ፎቆችን በድሩ ይዞ ይጎትታል። ልብሱ ይተረተራል፣ ጭንብሉን ቀድሞ አውልቆታል። ባቡሩ ጫፍ ላይ ሲቆም ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይላል። ያኔ ተሳፋሪዎቹ ይይዙታል፤ ከራሳቸው በላይ አንሥተው በእጅ እየተቀባበሉ ወደ ውስጥ ያስገቡትና ወለሉ ላይ ያስተኙታል። ጋሼ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ፊቱን አዩና «ውይ! ልጅ ነው እኮ!» አሉ።

ጋሼ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ፊልሙ ውስጥ ያለ አንድ ተሳፋሪ፣ ጎልማሳ ሰው፣ ከአንድ አፍታ በኋላ ያንኑ ቃል በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ ልጅ ነው፣ ከእኔ ልጅ አይበልጥም አለ። እኔ የሁለቱንም ቋንቋ ሰምቼ ዝም አልኩ። ፊልሙ ሲያልቅ ጋሼ ተነሡ፣ ዱላቸውን አነሡ፣ በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉና «ለመሆኑ ኪራዩን ከፈለ?» ብለው ጠየቁ።

መምህር፣ ከኑሮ የሸሸ ሰው ስለ ቤት ኪራይ ይጠይቃል? እኚህ ሰው ከራሳቸው ኑሮ ጋር ፊት ለፊት ነው የተገናኙት፤ ያውም ኒውዮርክ ውስጥ። ኃይለኛው ሲደክም ማየት፣ ሕዝቡ ሲሸከመው ማየት፣ የሚያድነው ሰው ራሱ ዕዳ ያለበት መሆኑን ማየት፣ እነዚህ ፊልሞች የተወደዱት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጉልበቱ ለመግቢያ ነው። አስቀምጦ የሚያቆየን ሸክሙ ነው።

የሕፃን ነገር ነው ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። የእኔ ደንበኞች የታክሲ ረዳቶች፣ የግንበኛ ቀን ሠራተኞች፣ ፈረቃ የሚገቡ የፋብሪካ ሴቶች ናቸው። ጉሊት የምትሸጥ አንዲት እናት የልጇን ፍላሽ ልታስጭን መጥታ ቆማ እያየች ቀርታ ሽንኩርቷን ረስታ የሄደችበት ቀን አለ።

አሜሪካ ከመስከረም 11 በኋላ ፈጠረቻቸው የሚለው ግን በዓመት ቁጥር ይፈርሳል። ብሌድ የወጣው በ1998 ነው። ኤክስ ሜን በ2000። ስፓይደር ማን ለእይታ የበቃው በግንቦት 2002 ቢሆንም የተቀረጸው ከጥቃቱ በፊት ነው። እንዲያውም በሁለቱ መንትያ ሕንፃዎች መካከል በተዘረጋ ድር ሄሊኮፕተር ተይዞ የሚታይበት ማስታወቂያ ተሠርቶለት ነበር፤ ሕንፃዎቹ ሲወድቁ ማስታወቂያው ከየሲኒማ ቤቱ ተሰበሰበ። አዎ፣ ከዚያ ሐዘን በኋላ አሜሪካኖች ኒውዮርክን የሚያድን አንድ ልጅ ለማየት ጎረፉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ በማስገባት ያ ፊልም የመጀመሪያው ሆነ። ሐዘኑ ማዕበሉን አበረታው እንጂ አልወለደውም።

የወለዱትማ ሌሎች ናቸው። በ1938 የታተመውን ሱፐርማን የፈጠሩት ጄሪ ሲግል እና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ናቸው። ክሊቭላንድ ላይ አብረው የተማሩ፣ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች። መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። የፈጠሩት ጀግና ራሱ ስደተኛ ነው፤ አገሩ ሲጠፋ ወላጆቹ በሕፃንነቱ አሽሽተውት፣ ገበሬዎች አንሥተው ያሳደጉት፣ ከተማ ገብቶ በሌላ ስም የሚሠራ። ካፒቴን አሜሪካንም ቢሆን ጆ ሳይመን እና ጃክ ኪርቢ የተባሉ አይሁዳውያን ወጣቶች ሂትለርን በቡጢ ሲነርተው ሽፋን ላይ የሳሉት አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ ሳትገባ ነው። ያን ሰሞን የእኛ አርበኞች ፋሺስትን እየተዋጉ ገና ዱር ነበሩ። እነዚህ ልጆች ለመንግሥት ፕሮፓጋንዳ ሲሉ አልጀመሩትም፤ መንግሥታቸውን ቀድመው ነው የጮኹት።

ቱሉ ዲምቱ ማለት በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ነው። ስሙን ያወጡት እኛ ስንመጣ መሬቱ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሌሎቻችን በኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ በርካሽ ኪራይ፣ በሥራ ፍለጋ ከያለንበት ተጠራቅመን ነው። ከጎጃም፣ ከወላይታ፣ ከአርሲ፣ ከመሃል ከተማ ቤታቸው ፈርሶ የመጡ። ከሌላ ቦታ መጥቶ፣ ማንነቱን ሆዱ ውስጥ ይዞ፣ ጠዋት ሌላ ሰው ሆኖ ወደ ሥራ የሚገባ ሰው ታሪክ እዚህ አስተርጓሚ አይፈልግም።

አሁን ወደ ብሩ ልምጣ። ከነጥቦችዎ መካከል ግማሹ እውነት የሆነው ይህ ስለሆነ ጊዜ ልስጠው።

የስፓይደር ማንና የኤክስ ሜን መጽሔቶች አሳታሚ ማርቭል በታኅሣሥ 1996 የኪሳራ ጥበቃ የጠየቀ ድርጅት ነው። በዚያ ዘመን የምርጥ ምርጥ ገጸ ባሕርያቱን የፊልም መብት ለሌሎች አሳልፎ ሰጠ፤ ስፓይደር ማን ሶኒ ጋ፣ ኤክስ ሜን ፎክስ ጋ ሄዱ። እጁ ላይ የቀሩት ብዙ ሰው የማያውቃቸው ናቸው። በ2005 እነሱኑ በመያዣነት አስይዞ 525 ሚሊዮን ዶላር ብድር አገኘና የራሱን ፊልም ልሥራ አለ። ፊልሞቹ ቢወድቁ ገጸ ባሕርያቱንም ያጣ ነበር። የመጀመሪያው በ2008 የወጣው አይረን ማን ነው። መሪ ተዋናዩ ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር በሱስና በእስር ዓመታት አሳልፎ የወጣ፣ ብዙ ሰው ሥራ ሊሰጠው የሚፈራው ሰው ነበር። በእጃቸው የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ ሁለተኛ ደረጃ ጀግና እና ስሙ የጠፋ ተዋናይ። ዲዝኒ በአራት ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛቸው በ2009 ነው፤ ሰው ከወደዳቸው በኋላ። ብሩ ፍቅሩን ተከትሎ ነው የመጣው።

እና ምን አድርገው ተወደዱ? አይረን ማን ሲያልቅ፣ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር አልፎ፣ ሰው ሁሉ ሊወጣ ሲል አንድ ሰውዬ ብቅ ይልና ሌሎችም እንዳሉ ይናገራል። አንድ ደቂቃ እንኳ አትሞላም። ያቺ ደቂቃ ናት ነገሩን የለወጠችው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፊልም የአንድ ትልቅ ታሪክ ምዕራፍ ሆነ፤ አንዱን ያየ ሌላውን ሳያይ ማደር አቃተው። በ2012 ጀግኖቹ በአንድ ፊልም ተሰብስበው አንድ ቢሊዮን ተኩል ዶላር አስገቡ። ሱቄ ውስጥ ስለ ምስል ጥራት ወቀሳ ሰምቼ አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሚመጣብኝ ወቀሳ አንድ ነው፦ «መጨረሻው ተቆርጧል!» ያቺን ከስም ዝርዝሩ በኋላ ያለችውን ደቂቃ ማለታቸው ነው። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፦ «ቀጣዩ መጣ?»

ይህን ደግሞ እኛ አናውቀውም? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ ሰው ቀጣዩን ክፍል እንዴት ይጠብቅ እንደነበር አባቴ ሲያወራ ነው ያደግኩት። ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ሰምተው፣ በዛብህ ምን ይሆን እያሉ እየተከራከሩ ይበተኑ ነበር። ታሪክ ተቆርጦ ሲያድር ሰውን ያገናኛል። ጠዋት የሚያወራው ይሰጠዋል።

ቪዲዮ ቤት ያደገ ሁሉ «አክተር አይሞትም» የምትለዋን ሕግ ያውቃል። ራምቦን ስናይ፣ አርኖልድን ስናይ፣ ጥይቱ እንደ ዝናብ ሲወርድ ትንሹ ልጅ ከፈራ ትልቁ «አይዞህ፣ አክተር አይሞትም» ይለዋል። በ2018 ታኖስ የተባለው ክፉ ጣቱን አጩኾ ግማሾቹን አክተሮች አቧራ ሲያደርጋቸው ሕጉ ፈረሰ። ዓመት ሙሉ ይከራከሩ ነበር፤ ባጃጅ ተራ ላይ፣ ቧንቧ ውኃ ወረፋ ላይ። ቀጣዩ፣ ኤንድጌም፣ አሜሪካ ውስጥ የወጣው በሚያዝያ 18 ቀን 2011 በእኛ አቆጣጠር፣ በስቅለት ዕለት ነበር። እኛ ስንሰግድ ዋልን። ከፋሲካ በኋላ ነው ቅጂው የደረሰን። ሦስት ልጆች በአንድ ላፕቶፕ ላይ ተደፍተው ሲያዩ አይረን ማን ሞተ። ትልቁ፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። «አክተር አይሞትም እኮ» አለ፣ እኔ መልሼ ላስነሣው የምችል ይመስል። ያ ፊልም በዓለም ዙሪያ ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር አስገብቷል። አሥራ አንድ ዓመት አብረውት የኖሩትን ሰው ሊቀብሩ የወጡ ሰዎች ገንዘብ ነው፤ ማስታወቂያ ብቻውን እንዲህ አያስለቅስም።

ግማሹ እውነት ያልኩት ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የዲቪዲ ሽያጭ ሲደርቅ ስቱዲዮዎቹ በመካከለኛ ገንዘብ የሚሠሩ ፊልሞችን እየተዉ በታወቀ ስም ላይ ብቻ መወራረድ ጀመሩ። የውጭ ገበያውም ጎትቷቸዋል፤ ቻይና በ2012 ከአሜሪካ ጋር ተስማምታ በዓመት የምታስገባቸውን የውጭ ፊልሞች ከ20 ወደ 34 ስታሳድግ፣ ያለ ብዙ ንግግር የሚገባ ፊልም ይበልጥ ተፈለገ። ታዋቂው አሜሪካዊ የፊልም ዳይሬክተር ማርቲን ስኮርሴዚ በ2019 እነዚህን ፊልሞች ከመዝናኛ ፓርክ ጋር አመሳስሎ ሲኒማ አይደሉም ማለቱ ከዚህ ቁጭት ይመስለኛል፤ ሌላው ፊልም ስክሪን አጣ ማለቱ ትክክል ነው። ይህንን ቢጽፉት ኖሮ መምህር፣ ፊርማዬን እጨምርልዎ ነበር። ግን የዚህ ጥፋት ባለቤቶች ስቱዲዮዎቹ ናቸው። ተመልካቹ ላይ አይዙሩበት።

ለባህላችን ባዕድ ናቸው ያሉት ላይ ልጄ መልሳልዎታለች። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የካቲት 23 ሲደርስ ስለ አድዋ ጀግኖች ስታጠና «አባዬ፣ አባ ነፍሶ ማለት የባልቻ የስፓይደር ማን ስሙ ነው?» አለችኝ። መጀመሪያ ልቆጣ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ልጅቷ ትክክል ናት።

የእኛ ጀግና ሁለት ስም አለው። ቤቱ ሲቀመጥ ባልቻ ነው፤ ፈረሱ ላይ ሲወጣ አባ ነፍሶ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። የሚፎከረው በፈረስ ስሙ ነው፤ ያን ስም ሲጠሩት ሌላ ሰው ይሆናል። የአንበሳ ጎፈሩስ፣ ለምዱስ? ተራ ሰው በተራ ቀን የማይለብሰው፣ ሲያዩት ልብ የሚያርድ ልብስ ነው። አሜሪካኖች ካባና ጭንብል ከማሰባቸው በፊት እዚህ አገር ጀግና በአለባበሱና በሁለተኛ ስሙ ይለይ ነበር። ስንዝሮስ? ቁመቱ ስንዝር ሆኖ ትልልቁን በብልሃት የሚያሸንፈውን ልጅ ማን ሳይሰማ አደገ?

ሰፈራችን ከሚመጡት ሚኒባሶች የስንቶቹ መስተዋት ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ እንዳለ ይቁጠሩ። ነጭ ፈረስ፣ ከሥር ደራጎኑ፣ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ወጥታ። ቅዱሱን ከፊልም ሰው ጋር አላስተካክልም፤ አንዱ ይጸለይበታል፣ ሌላው ይታያል። የምለው፣ ያንን ሥዕል እያየ ያደገ ልጅ ደካማን ከአውሬ የሚያድን ጋላቢ ሲያይ እንግዳ አይሆንበትም ነው።

ብላክ ፓንተር በ2018 ሲደርሰን ሱቄ ፍርድ ቤት ሆነ። ዋካንዳ በቅኝ ግዛት ያልተያዘች የአፍሪካ አገር ናት ሲባል አንዱ «በቃ እኛ ነን!» አለ። ሌላው «እኛማ ድንበር ዘግተን ሀብት አልደበቅንም፤ ምን አለንና» ብሎ መለሰ። ከንጉሡ ሸንጎ አንዱ ሽማግሌ ከንፈሩ ላይ ሸክላ አድርጎ ብቅ ሲል ግን ሁሉም አንድ ላይ «ሙርሲ!» ብለው ጮኹ። ገጸ ባሕርይውን በ1966 የፈጠሩት ሁለት ነጭ አሜሪካውያን፣ ስታን ሊ እና ጃክ ኪርቢ ናቸው፤ በፊልሙ የዋካንዳ ሰዎች ቋንቋ የደቡብ አፍሪካው ኮሳ ነው፤ ልብሱ ከመላ አፍሪካ የተቀዳ ነው፤ ለልብሷ ሩት ካርተር ኦስካር ወስዳለች። ያም ሆኖ ቱሉ ዲምቱ ያሉ ልጆች ራሳቸውን አገኙበት። ሳዑዲ ዓረቢያም ሲኒማ ቤት ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ዘግታ ስትከፍት የመጀመሪያ ያሳየችው ይህንኑ ፊልም ነው። ባዕድ የሚባለው እንዲህ ነው?

መፍራት ያለብን የፈረንጁ ጀግና መወደዱን ሳይሆን የእኛዎቹ ሳይሳሉ መቅረታቸውን ነው። የጀመሩ አሉ፤ ጀምበር የተባለው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በሥዕላዊ መጽሐፍ በአማርኛም ታትሟል፤ ጀግናው ኃይሉን ሲያገኝ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት ተመራቂ ነው። ለባለ ባጃጁ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ቀጣዩ አለው?» ብሎ ነው። አባ ነፍሶን እንዲህ አድርጎ የሚሥልልን ሰው ከእርስዎ ክፍል ቢወጣስ፣ መምህር? ደብተሩ ጀርባ ላይ ስፓይደር ማን የሚሥለውን ልጅ አይቅጡብን።

ጊዜያቸው አልፏል ላሉት፣ መቀዝቀዛቸውን እኔም አያለሁ፤ በ2024 ዴድፑልና ዎልቨሪን ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማስገባታቸውንም እንዲሁ። የካራቴው ፊልም ጊዜ ነበረው፣ የህንዱ ነበረው። ሁለቱም ዛሬም ይጫናሉ።

የብሎካችን ጥበቃ ጋሼ ቅዳሜ ማታ ተረኛ ናቸው። ባለ ባጃጁ ፊልሙን ከመጀመሪያው እንዲያዩት ቃል ገብቶላቸዋል፤ ኪራዩን ይክፈል አይክፈል ራሳቸው እንዲያረጋግጡ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው፤ መብራት ከሌለም ባትሪ አለ። መምህር፣ እርስዎም ይምጡ፤ ከጋሼ ጎን አንድ ሳጥን አስቀምጥልዎታለሁ።